የአንባቢያን ጥያቄ፦ ገበያ የወጣ ምርት ይሰብሰብ ቢባል ወጪውን ማን ይችላል?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ የለውዝ ቅቤ አዘጋጃለሁ። ግቢያችን ጀርባ ባለችው ቤት ከሦስት ልጆች ጋር ነው የምንሠራው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንቆላለን፣ እንፈጫለን፣ እናሽጋለን። እዚሁ አዳማ ላሉ ሱፐርማርኬቶች፣ ለሞጆና ለቢሾፍቱ ሱቆች እናስረክባለን። አሁን አንድ የአዲስ አበባ አከፋፋይ ሊወስድልኝ ከተስማማ በኋላ «ምርትሽ ችግር ተገኝቶበት ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል ወጪውን የሚሸፍን ኢንሹራንስ አምጪ» አለኝ። ያለኝ የእሳትና የስርቆት ነው። ወኪሉን ስጠይቀው «የምርት ኃላፊነት የሚባለውን ግቢ፣ ሁሉንም ይሸፍናል» ብሎኛል። እውነቱን ነው? ለእኔ ዓይነቷ ትንሽ ሥራስ አረቦኑ ያዋጣል? ደግሞ ባለፈው ክረምት ሁለት ደንበኞች «ሽታው ተቀይሯል» ብለው እሽጉን መልሰውልኝ ነበር። ቀይሬ ሰጠኋቸውና በዚያው ቀረ። ይህንንም ለኢንሹራንሱ መናገር አለብኝ?

*የለውዝ ቅቤ አዘጋጅ፣ ከአዳማ*

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አዎ፣ ይናገሩ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ወኪሉ «ሁሉንም ይሸፍናል» ያለዎት ልክ አይደለም። የምርት ኃላፊነት ኢንሹራንስ ጥሩ ነገር ነው፣ ይግቡ። ሥራው ግን ሌላ ነው። የእርስዎን የለውዝ ቅቤ የበላ ሰው ቢታመም ለእሱ የሚከፈለውን ካሳ ይሸፍንልዎታል። ይህ ራሱ ቀላል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2085፣ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። «ንጽሕናዬን ጠብቄ ነው የሠራሁት» ማለት ብቻውን አያድንም። ጉድለቱ ገዢው እንደ ልማዱ ዕቃውን ቢያየው የሚታወቅ ዓይነት ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። የለውዝ ቅቤ ውስጥ የገባ መርዝ ደግሞ በዓይን አይታይም።

የዚያኑ ውል «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ገልጠው ያንብቡ። ምርቱን ከገበያ ለመሰብሰብ፣ ለመመርመር፣ ለመተካትና ለማስወገድ የወጣ ወጪ አይከፈልም የሚል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ያገኛሉ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት የኢንሹራንስ ኩባንያ ካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሰዎች ያንን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነቡት እኛ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አንድ ብስኩት አምራች አሁንም ፊቴ ላይ አለ። የታመመው ልጅ የሕክምና ወጪ ተከፈለለት። ከየሱቁ ያስመለሰው ካርቶን፣ የመኪናው ኪራይ፣ የጫኝና አውራጁ፣ ለባለሱቆች የመለሰው ብር ግን ራሱ ላይ ቀረ። ትልቁ ገንዘብ ደግሞ እሱ ነበር። ሰውየው ያን መጋገሪያ ዳግመኛ አልከፈተውም። ስለዚህ አንድ ወኪል «ሁሉንም» ሲል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

አከፋፋዩ የጠየቀዎት ሪኮል ኢንሹራንስ የሚሉትን ነው። እሱ የሚከፍለው ሰው ከመጎዳቱ በፊትም ሆነ በኋላ ምርቱን መልሶ ለማምጣት የሚወጣውን ነው። ለሱቆች መደወልና ማስታወቂያ ማስነገር፣ መኪናና ነዳጅ፣ ለሠራተኛ የትርፍ ሰዓት፣ የተሰበሰበውን ለይቶ ማስቀመጫ፣ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ማስወገጃ። ሰፋ ያለው ውል የምርቱን ዋጋና ያጡትን ትርፍም ይጨምራል። ጠበብ ያለው አይጨምርም። እዚህ ላይ አከፋፋዩን አይርሱት። እሱ የሚፈራው የራሱን ወጪ ነው፤ የእሱን መኪና፣ የእሱን ሠራተኛ። ውልዎ የእርስዎን ወጪ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ለእሱ ምንም አያደርግለትም። «የሦስተኛ ወገን የመሰብሰቢያ ወጪም ይካተታል ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ያዋጣል ወይ ላሉት፣ መጀመሪያ የራስዎን ሂሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፣ በእርስዎ ይተኳቸው። በአንድ ዙር 400 እሽግ ያወጣሉ እንበል። አንዱ 300 ብር። አንድ ዙር ማለት 120,000 ብር ነው። አንድ እሽግ ላይ ችግር ተገኘ። እሽጉ ላይ የዙሩ ቁጥር ካለ፣ የትኛው ሱቅ ያንን ቁጥር እንደወሰደ ደግሞ ደብተርዎ ላይ ካለ፣ የሚሰበስቡት 400 እሽግ ነው። ከዚያም ውስጥ የተሸጠው ተሸጧል። ቁጥሩ ከሌለስ? የትኛው ጥሩ፣ የትኛው መጥፎ እንደሆነ መለየት አይችሉም። ገበያ ላይ ያለውን በሙሉ ይሰበስባሉ። በሳምንት ሁለት ዙር፣ የሁለት ወር ምርት ማለት 16 ዙር ነው። 6,400 እሽግ፣ 1,920,000 ብር። ጥፋቱ ያው አንድ ጆንያ ለውዝ ሆኖ ሳለ።

እህቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። ኢንሹራንስ ከመግዛትዎ በፊት እሽጉ ላይ የዙሩን ቁጥር ይምቱ። ማኅተም ይበቃል፣ ማሽን አያስፈልግም። ቁጥሩ ከተመረተበት ቀን አይጀምር፣ ከጆንያው ይጀምር። የባቢሌ ለውዝ ከማን፣ መቼ፣ ስንት ጆንያ ገባ? የትኛው ጆንያ በየትኛው ዙር ተቆላ? ዙሩ ለየትኛው ሱቅ ስንት ሄደ? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሕግም ከአምራች የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት እሽግ የመጠቀሚያ ጊዜው እስኪያልፍ ቤትዎ ይቀመጥ። ሰው ቅሬታ ሲያመጣ የሚመረመር ነገር ይኖርዎታል። ከዚያ አንድ ቀን ልጆቹን ሳይነግሩ ሞጆ ካለ ሱቅ አንድ እሽግ ያንሱና «የዚህ ወንድሞች የት ናቸው?» ብለው ይጠይቋቸው። ከሰዓት በፊት ተጠይቆ እስከ ማታ ካልተመለሰ ደብተሩ ይስተካከል። ኢንሹራንስ ሰጪውም ፎርሙ ላይ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው አንዱ ይህ ነው። መልስ ያለው ሰው አረቦኑ ላይ ለመደራደር አፍ ይኖረዋል።

አሁን ለለውዝ ልዩ የሆነውን ልንገርዎ። የእርስዎ ሥራ ትልቅ አደጋ አፍላቶክሲን ነው። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ዓለም ያወቀውም በለውዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ። ሲጣራ ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆነ። መርዙ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሲፈጭ ደግሞ ጥቂት መጥፎ ፍሬ ሙሉውን ዙር ይበክላል። በአንድ ጊዜ ብዙ የወሰደ ሰው በፍጥነት ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በተበከለ በቆሎ 125 ሰዎች ሞተዋል። በትንሽ በትንሹ ሲወሰድ ግን ምንም ሳያሳይ ጉበትን ለዓመታት ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ያጋልጣል። የለውዝ ቅቤ ደግሞ የልጆች ምግብ ነው። ጠዋት ዳቦ ላይ ቀብታ ልጇን ትምህርት ቤት የምትልክ እናት እርስዎን አምና ነው።

ይህ ከኢንሹራንሱ ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። ብዙ የሪኮል ውሎች የሚከፍሉት ብክለቱ በሰው ላይ የሚታይ ሕመም ካስከተለ፣ ወይም ሊያስከትል ከቻለ ነው። ያውም ከተበላ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ120 ቀን። በትንሽ መጠን የገባ አፍላቶክሲን በ120 ቀን ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔ ኩባንያው «ውሉ ውስጥ አይገባም» ሊልዎት ነው። አንዳንዱ ውል እንዲያውም ሻጋታን በስሙ ጠርቶ ያስወጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ሻጋታና ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ተሸፍኗል ወይ? ሁለተኛ፣ ማንም ሳይታመም ተቆጣጣሪው አካል «ሰብስቡ» ብሎ ቢያዝ ይከፈላል ወይ? ይህ ሁለተኛው ተጨማሪ ሽፋን ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው። ለእርስዎ ከዋናው አይተናነስም። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የአገሪቱ የደረጃዎች ቢሮ አምስት የበቆሎ ዱቄት ብራንዶችን በአፍላቶክሲን ምክንያት ከገበያ አግዷል። የእኛም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ እርስዎ ጋ ቢመጣ ውሉ ዝም እንዳይል ነው ጥያቄው።

ለቀማውን ደግሞ አደራ። የተጨማደደ፣ የተሰበረ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ውስጥ ነው መርዙ በብዛት የሚገኘው። ለቃሚ ልጅ መጨመር ከአረቦን ይረክሳል። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ግድግዳም አይንካ። ከየጭነቱ ናሙና ወስደው ያስመርምሩ። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፣ የግል ላቦራቶሪዎችም አሉ። ወረቀቱን በዙሩ ቁጥር ፋይል ያድርጉት።

እነዚያ ሁለት እሽጎች ጋ ልመለስ። የኢንሹራንስ ውል ሲፈርሙ የሚያውቁትን መናገር ግዴታዎ ነው፣ የንግድ ሕጉም ይህን ይጠይቃል። ቅሬታ ነበር ወይ ተብለው «የለም» ካሉ፣ በኋላ አንድ ችግር ሲመጣ ኩባንያው የመጀመሪያው የሚቆፍረው እሱን ነው። ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ውሉን ያፈርሳል። አረቦኑን ከፍለው፣ ካሳውን ያጣሉ። ከመፈረም በፊት የሚታወቅ ችግርን ደግሞ የትኛውም ሪኮል ኢንሹራንስ አይሸፍንም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከውሉ በላይ ነው። የሽታ መቀየር የዘይቱ መቆምዘዝ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ለጤና ያን ያህል አያስፈራም። ክረምት ላይ እርጥበት ያገኘ ጆንያ ምልክት ከሆነስ? ሁለቱ እሽጎች ከአንድ ዙር ነበሩ? ከአንድ ሱቅ? ከዚያ ዙር የቀረውን ማን በላው? ይህን ማወቅ የሚቻለው ያኔ ነበር። አሁንም የሚችሉትን ያድርጉ። ደንበኞቹን ደውለው መቼ፣ ከየት እንደገዙ ይጠይቁ። የዚያን ሰሞን ለውዝ የሸጠልዎት ነጋዴ ማን እንደሆነ ይለዩ። አሁን እጅዎ ያለው ጭነት ከእሱ ከሆነ ሳያስመረምሩ አይቁሉት። ከዚህ በኋላ የሚመለስ እሽግ አይጣል፣ ቁጥሩና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ወደ ዋጋው። የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሄደው ሪኮል ሲሉ እዚያ ያሉት ሠራተኞች መጀመሪያ የእሳትና የመኪና ፎርም ቢያቀርቡልዎት አይገረሙ። ዋናው መሥሪያ ቤት የኃላፊነት መድን ክፍል ይሂዱ። ኩባንያው ስጋቱን ለብቻው ካልያዘው ከውጭ ጠለፋ ዋስትና ሰጪ፣ ማለትም ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ዋስትና ከሚሰጥ፣ ሊጠይቅ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚህ በታች አይሆንም የሚባል የአረቦን ወለልም ይኖረዋል። በዚህ ጉዳይ ከወኪል ይልቅ የመድን ደላላ ይሻልዎታል። ወኪል የኩባንያው ሰው ነው። ደላላ ለእርስዎ ነው የሚሠራው፣ ከብዙ ኩባንያ ዋጋ ያመጣል። ብሔራዊ ባንክ የሰጠው ፈቃድ እንዳለው ያረጋግጡ።

ዋጋው ሲመጣ አረቦኑን ብቻ አይዩ። ኤክሰሱን ይዩ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣውን። ኤክሰሱ 200,000 ብር ከሆነና የእርስዎ አንድ ዙር 120,000 ብር ከሆነ፣ ደብተርዎ በደንብ በተያዘ ቁጥር ከውሉ የሚያገኙት የለም። እንዲህ ከሆነ ያንን አረቦን ለምርመራና ለለቃሚ ያውሉት፣ ለአንድ ዙር መሰብሰቢያ የሚሆን ብርም በተለየ ሂሳብ ያስቀምጡ። ለአከፋፋዩ የምርት ኃላፊነቱን ውል፣ የላቦራቶሪ ወረቀቱንና የዙር ደብተሩን ያሳዩት። ብዙ ነጋዴ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ኢንሹራንስ የሚለው ሌላ ማረጋገጫ ስላላየ ነው። አይሆንም ካለ፣ ወይም የሚወስደው መጠን ብዙ ከሆነ፣ ያኔ ሪኮሉ ያዋጣል። ዋጋውን ተነጋግራችሁ ምርቱ ላይ አካፍሉት።

ከእሱ ጋር የምትፈራረሙት ውል ላይም አንድ ነገር ይግባ። ማን ነው «ይሰብሰብ» የሚለው? ጥርጣሬ ሲመጣ ሽያጭ ማቆም ወዲያው፣ በስልክ፣ ያለ ክርክር ይሁን። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይነሳ፣ ጓዳ ይግባ። መኪና አስነስቶ መሰብሰቡ ግን በምርመራ ውጤት ወይም በተቆጣጣሪ ትዕዛዝ ይሁን። እሱ በወሬ ተነስቶ ሁሉንም ቢመልስልዎት የተለመደው ሪኮል ኢንሹራንስ አይከፍልዎትም።

ጥያቄ፦

እኔና ወንድሜ አዳማ ላይ እርጎ እናዘጋጃለን። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፣ በዚህ ሙቀት እርጎው በአንድ ቀን ይበላሻል። ሪኮል ኢንሹራንስ ይህን ይከፍላል?

*እርጎ አዘጋጅ፣ ከአዳማ*

መልስ፦

አይከፍልም፣ ወንድሜ። ከግቢያችሁ ያልወጣ ዕቃ የሚሰበሰብ ነገር የለውም። የእናንተ ጥያቄ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላለ ዕቃ መበላሸት የሚገባ ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከማሽን ብልሽት ኢንሹራንስ ጋር ተያይዞ ነው የሚሰጠው። ስትጠይቁ ግን ተጠንቀቁ። የማሽኑ መበላሸት አንድ ነገር ነው፣ የመብራት መጥፋት ሌላ። መብራት መጥፋቱ በግልጽ ካልተጻፈ አለ ብላችሁ አትቁጠሩ። መብራቱ ስንት ሰዓት ከጠፋ በኋላ እንደሚጀምርም ጠይቁ። የሙቀት መለኪያ ሰቅላችሁ ጠዋትና ማታ መዝግቡ፣ ያለሱ የካሳ ጥያቄያችሁ ተቀባይነት ለማግኘት ይቸገራል።

ሞቆ ያደረውን እርጎ መልሶ አቀዝቅዞ ሱቅ መላክ ግን አይታሰብ። ያ እርጎ ሰው ቢያሳምም፣ እያወቃችሁ ያደረጋችሁት ስለሆነ የምርት ኃላፊነቱም ሪኮሉም ዞር ብሎ አያያችሁም። የበላው ልጅ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ነው።

ጥያቄ፦

በርበሬና ምጥን ሽሮ አሽጌ እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው በርበሬዬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት አለ ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀ። ሐሰት ነው። ሱቆች ግን ዕቃዬን እየመለሱ ነው። ይህን የሚከፍል ኢንሹራንስ አለ?

*ባልትና ነጋዴ፣ ከአዳማ*

መልስ፦

እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። በሐሰት የሰው እንጀራ መንካት ትልቅ በደል ነው። የተለመደው ሪኮል ውል ግን የሚከፍለው ምርቱ በእውነት ሲበከል፣ ወይም ሰው ሆን ብሎ ሲበክለው ወይም እበክላለሁ ብሎ ሲያስፈራራ ነው። ሆን ተብሎ ለሚደረግ ብክለት የሚሰጠው ሽፋን ብዙ ትኩረት ያገኘው ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረዘ ታይሌኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ ሰባት ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው። ያኔ አምራቹ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ሰብስቧል። ባዶ ወሬ ግን ብቻውን በአብዛኛው አይሸፈንም። ወደፊት ውል ከገቡ ለመጥፎ ወሬ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ። አሁን ለተነሳው ግን ረፍዷል።

ዛሬውኑ የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ቪዲዮውን ከነአካውንቱና ከነቀኑ አስቀምጡ፣ ሳይጠፋ። የተመለሰውን በርበሬ ከተመለሰበት ሱቅ ጋር ለይተው ይያዙ፣ አይክፈቱት። ገለልተኛ ላቦራቶሪ ወስደው ያስመርምሩ፤ የሚመረመረው እርስዎ አሁን የፈጩት አይሁን፣ ሱቅ ላይ የነበረው ይሁን። ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ለየሱቁ ባለቤት ወረቀቱን በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። በስልክ አይበቃም። በስም ማጥፋቱ ጠበቃ ያማክሩ። ቲክቶክ ላይ መልስ መስጠት ካሰቡ ደግሞ ወረቀቱ እስኪወጣ ይታገሡ።